የጅማ ወጣቶች፣ ሐሰተኛ መረጃና የፖለቲካ ተሳትፎ፦ መጠይቁን ከመበተንሽ በፊት

ጥያቄው፦ «ጅማ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ርዕሴ ‹በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሰራጭ ሐሰተኛ መረጃ በጅማ ከተማ ወጣቶች የፖለቲካ ተሳትፎ ላይ ያለው ተጽዕኖ› ነው። ለ384 ሰው መጠይቅ በትኜ ‹ሐሰተኛ ዜና ምን ያህል ጊዜ ያጋጥምዎታል?›፣ ‹በፖለቲካ ምን ያህል ይሳተፋሉ?› እያልኩ በአምስት ደረጃ አስመልሼ ሪግሬሽን (የሁለቱን ግንኙነት የሚያሰላ ስታቲስቲክስ) ልሠራ ነበር። አማካሪዬ ‹ይህ ርዕሱን አይመልስም› አለኝ። አምስት ወር ቀርቶኛል፤ ገንዘቤም ትንሽ ነው። ምን ላስተካክል?»

እህቴ፣ አማካሪሽ ልክ ነው፤ ርዕሱን ግን አትጣዪው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚነገሩበት፣ ዩኒቨርሲቲውም ገበያውም ወጣቱን በሚሰበስቡበት ከተማ ይህ ጥያቄ በደንብ ቢጠና ለብዙ ሰው ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚቀየረው ሐሰተኛ መረጃን የምትለኪበት መንገድ ነው።

ችግሩ ያለው «ሐሰተኛ ዜና ምን ያህል ጊዜ ያጋጥምዎታል?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። በሐሰተኛ ዜና የተታለለ ሰው መታለሉን አያውቅም፤ ስለዚህ በጣም የተጋለጠው ሰው «ብዙም አያጋጥመኝም» ሊልሽ ይችላል። የመንግሥትንም የተቃዋሚንም ሚዲያ የማያምነው ደግሞ ያልወደደውን ሁሉ ሐሰት ስለሚለው «በየቀኑ» ይልሻል። መልሱ ሲደመር የምታገኚው የመጋለጥን ልክ ሳይሆን ያለመተማመንን ልክ ነው። ያለመተማመን በራሱ ከፖለቲካ ተሳትፎ ጋር የሚያያዝ ነገር በመሆኑ ሪግሬሽኑ ላይ ኮከብ ያለበት፣ ማለትም በስታቲስቲክስ ጉልህ የሚባል ውጤት ይወጣልሻል፤ ውጤቱ ስለ ሐሰተኛ መረጃ ግን ምንም አይናገርም። የውጭ ፈታኝ መጀመሪያ የሚይዝሽም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ አትጠይቂ፣ አሳዪ። 14 አጫጭር ዜናዎች አዘጋጂ፦ 6 ሐሰት መሆናቸው የተረጋገጠ፣ 6 እውነት መሆናቸው የተረጋገጠ፣ 2 ደግሞ አንቺ የፈጠርሻቸውና የትም ተሰራጭተው የማያውቁ። ሐሰተኞቹን ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ መርምረው ይፋ ካደረጓቸው ውስጥ ውሰጂ፤ ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ የተሰራጩትን ብቻ፤ ከዚያ የቆየውን ሰው አይቶትም ቢሆን ይረሳዋል። እውነተኞቹ ከሐሰተኞቹ ጋር በጊዜ፣ በርዕሰ ጉዳይና በሚቀሰቅሱት ስሜት የተቀራረቡ ይሁኑ። ሐሰተኛው ስለ ግጭት፣ እውነተኛው ስለ ችግኝ ተከላ ከሆነ የምትለኪው እውነትን የመለየት ችሎታን ሳይሆን የትኛው ዜና ልብ እንደሚሰቅል ነው።

ዜናዎቹን በስልክ ስክሪን ላይ፣ በተለጠፉበት መልክ አሳዪ፤ የገጹን ስም፣ የላይኩንና የኮሜንቱን ቁጥር ግን ሸፍኚ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም እያሳየሽ «ከዚህ በፊት አይተውታል?» እና «ለሰው ያጋሩታል?» ብለሽ ጨርሺ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰሽ «እውነት ይመስልዎታል?» በዪ። ሁለቱን ዙሮች ካደባለቅሽ ስለ እውነትነቱ መጠየቅሽ ብቻ የማጋራት ፍላጎቱን ያወርደዋል። ቅደም ተከተሉ ለሁሉም ሰው አንድ እንዳይሆንም ሦስት የተለያዩ ቅጾች ይበቁሻል።

የፈጠራ ዜናዎቹ ትርፍ ነገር አይደሉም። አልኮትና ጄንትስኮው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 2017 ባወጡት ጥናት 1,208 አሜሪካውያንን በ2016ቱ ምርጫ ወቅት ስለተሰራጩ ሐሰተኛ ዜናዎች ሲጠይቁ፣ በአማካይ 15 በመቶ ያህሉ «አይቻለሁ» አሉ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ፈጥረው ያስገቧቸውን፣ ማንም ሊያያቸው የማይችሉትን ዜናዎችም 14 በመቶ ያህሉ «አይቻለሁ» አሉ። የፈጠራ ዜናዎቹ ባይኖሩ 15 በመቶው ሙሉ በሙሉ እንደ መጋለጥ ይቆጠር ነበር። አንቺም እንዲሁ ታሰያለሽ፤ ለምሳሌ ሐሰተኞቹን 31 በመቶ፣ የፈጠራዎቹን 19 በመቶ ሰው «አይቻለሁ» ካለ የሚታመነው ልዩነቱ 12 ነጥብ ነው።

የምትፈጥሪው ዜና ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ጸጥታንና የማንንም ሰው ስም የማይነካ ይሁን። «በሚቀጥለው ዓመት በጅማ የቀበሌ ስብሰባዎች በሙሉ በቴሌግራም በቀጥታ ሊተላለፉ ነው» የመሰለ ይበቃል፤ ፖለቲካ ነክ ነው፣ የሚያስቆጣው ሰው የለም፣ ቢታመንም ጉዳት አያመጣም። ከመጠቀምሽ በፊት ግን በሁለቱም ቋንቋዎች ፈልጊና ሌላ ሰው ቀድሞ አለማውራቱን አረጋግጪ።

እውነተኞቹ 6 ዜናዎች ለምን እንዳስፈለጉ አማካሪሽ ሊጠይቅሽ ይችላል። ሐሰተኞቹን ብቻ ብታሳዪ፣ ሁሉን ነገር «ውሸት ነው» የሚለው ሰው ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። እሱ ሁሉን ጠርጣሪ እንጂ ለይቶ አዋቂ አይደለም። የመለየት ነጥብ የሚሰላው እውነተኞቹን ካመነበት መጠን ላይ ሐሰተኞቹን ያመነበት ተቀንሶ ነው። የማጋራት ነጥብም እንዲሁ።

በጅማ ትልቁ ራስ ምታት ቋንቋው ነው። መጠይቁን ተርጉሞ በሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ አስመልሶ ማመሳከር የታወቀ ሥራ ስለሆነ አልገባበትም። ከዚያ የሚከብደው በአማርኛ ገጾች የተናፈሰው ወሬ በአፋን ኦሮሞ ገጾች ጭራሽ ያልዞረ ሊሆን መቻሉ ነው፤ የዚህም ተቃራኒ እንዲሁ። 6ቱንም ሐሰተኛ ዜናዎች ከአማርኛ ገጾች ከወሰድሽ፣ ዜናውን በዋናነት በአፋን ኦሮሞ የሚከታተለው ወጣት «ብዙ ያልተጋለጠ» ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ አመራረጥሽ የሚናገር ውጤት ነው። 2 በአማርኛ ብቻ፣ 2 በአፋን ኦሮሞ ብቻ፣ 2 በሁለቱም የዞሩ አድርጊ፤ እውነተኞቹንም በዚሁ ልክ። እያንዳንዱ ሰው መጠይቁን በመረጠው ቋንቋ ይመልስ፣ ዜና የሚከታተልበትን ቋንቋ ግን ለብቻው ጠይቂ፤ ሁለቱ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ወደ ፖለቲካ ተሳትፎ ስንመጣ፣ «ምን ያህል ይሳተፋሉ?» የሚለውን ሰርዢና ድርጊት ጠይቂ፤ ባለፉት 6 ወራት አድርገዋል ወይስ አላደረጉም። የቀበሌ ስብሰባ መሄድ፣ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ፣ ፊርማ ማሰባሰብ ወይም መፈረም፣ ለፓርቲ ወይም ለዕጩ መሥራት፣ ከጓደኛ ጋር ስለ ፖለቲካ መወያየት። በኢንተርኔት የሚደረገውን ለብቻው ያዢ፦ ፖለቲካዊ ልጥፍ ላይ አስተያየት መጻፍ፣ ማጋራት፣ የቴሌግራም ግሩፕ መቀላቀል፣ የፕሮፋይል ፎቶ ለአንድ ጉዳይ ብሎ መቀየር። ሁለቱን ደምረሽ አንድ ነጥብ ካደረግሽ ሐሰተኛ ዜና ማጋራት ራሱ «ተሳትፎ» ሆኖ ይቆጠርና አንዱን ነገር በራሱ ታስረጂዋለሽ። የምርጫ ጥያቄ ካስገባሽ ዕድሜ አትርሺ፤ ዛሬ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፅ ለመስጠት ዕድሜው አልደረሰም ነበርና «አልመረጥኩም» ማለቱ ትርጉም የለውም።

የቀበሌ ስብሰባውን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ የግድ ያስፈልግሻል፦ «ስብሰባው ላይ የተገኙት በራስዎ ፍላጎት ነው ወይስ ተጠርተው?» በቀበሌ አደረጃጀት ስሙ ተይዞ የሄደ፣ መታወቂያ ወይም የሥራ ዕድል ምዝገባ እንዳይጓተትበት የሄደና ለመከራከር የሄደ ሰው አንድ ዓይነት ተሳታፊዎች አይደሉም። ከውጭ አገር ጥናት እንዳለ የተቀዳ መጠይቅ ይህን አይዝም፤ ያንቺ ጽሑፍ ለሌላ ተመራማሪ አዲስ ነገር የሚሰጠውም እንደዚህ ያሉ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ሰው በግልጽ ለመመለስ የሚፈራው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የተቃውሞ ሰልፍ መውጣት፣ የዝርዝር ቆጠራ ዘዴ አለ። ለግማሾቹ 4 የማያስፈሩ ድርጊቶች ታቀርቢያለሽ፤ ለሌሎቹ ግማሾች እነዚያኑ 4 እና የሚያስፈራውን አምስተኛ። ሁሉም የሚነግሩሽ «ስንቱን አድርጌያለሁ» የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው፣ የትኛውን እንደሆነ አይናገሩም። የመጀመሪያዎቹ አማካይ 1.9፣ የሁለተኞቹ 2.2 ከሆነ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ 30 በመቶ ያህሉ አድርገውታል ማለት ነው። ዘዴው ግን ብዙ ናሙና ይበላል። በየጎኑ 288 ሰው ይዘሽ፣ የመልሶቹ መበታተን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 1 አካባቢ ከሆነ የስሕተት ወሰኑ በግራም በቀኝም 16 ነጥብ ገደማ ነው። ለአንድ ጥያቄ ብቻ ተጠቀሚበት፤ በቀበሌ ወይም በጾታ ከፋፍለሽ ለማየት አትሞክሪ።

ናሙናው ላይ፣ 384 የሚለው ቁጥር የሚሠራው በተራ ዕጣ ለሚወጣ ናሙና፣ 95 በመቶ እርግጠኝነትና 5 በመቶ ስሕተት ሲፈቀድ ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ቤት፣ ቀጥሎ ሰው ነው የምትመርጪው፤ የአንድ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ይመሳሰላሉ። በ1.5 አባዢው፣ 576 ይሆናል። ከ10 ሰው 1 እምቢ ይላል ወይም አይገኝም ብለሽ ለ0.9 አካፍዪው፣ 640፤ ከእነዚህ 576 ያህሉ ይመልሳሉ። በግቢ ውስጥ ለተማሪ መበተን ይቀላል፣ ግን የግቢ ተማሪ ግማሹ ከሌላ አካባቢ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሄርማታ መርካቶን ሱቅ ጠባቂ ወይም የጊንጆን ባጃጅ ነጂ አይወክልም። አቅም ከሌለሽ ርዕሱን ወደ ተማሪዎች አጥብቢው፤ ምንም ነውር የለበትም። የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው፤ ከ18 በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ከ18 እስከ 29 ብለሽ ብትወስኚ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ካሉት ወጣቶች ልደቱ ቀድሞ የሚመጣውን ምረጪ፤ በር የከፈተውን ሁልጊዜ ካነጋገርሽ ሴቶችና ሥራ ያላገኙ ይበዙብሻል። በሥራ ሰዓት ብቻ መዞርም ያንኑ ያመጣል፤ ከ11 ሰዓት በኋላና እሑድን ጨምሪ። አንድ ቃለ መጠይቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሁለቱን ቋንቋዎች የሚናገሩ 4 መረጃ ሰብሳቢዎች እያንዳንዳቸው በቀን 8 ሰው ቢያነጋግሩ 20 የሥራ ቀን ይበቃል። ኮቦቱልቦክስ የተባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ነፃ ነው፣ በተራ አንድሮይድ ስልክ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የወረቀት ኅትመትና የኮምፒውተር ጽሑፍ ወጪ ይቀርልሻል።

አሁን መጠይቅ ብቻውን የማይመልሰው ነገር አለ። የጽሑፍ ቅኝትሽ ውስጥ «ሐሰት ከእውነት 6 እጥፍ ይፈጥናል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንደሚኖር እገምታለሁ። ያ ግኝት የቮሶጊ፣ የሮይና የአራል ነው፤ እ.ኤ.አ. 2018 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶችን የመረመረ። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከሐሰቱ 6 እጥፍ ያህል ጊዜ ወሰደበት። ነገር ግን የተመረመሩት በዋናነት መረጃ አጣሪዎች ለማጣራት የመረጧቸው ወሬዎች ናቸው፤ መድረኩም ትዊተር እንጂ ቴሌግራም አይደለም። ስትጠቅሺው ይህን ገደብ አብረሽ ጻፊ።

ላንቺ ንድፍ ከዚህ ይበልጥ የሚያስፈልግሽ የግሪንበርግና የባልደረቦቹ የ2019 ጥናት ነው። በ2016ቱ የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በትዊተር ላይ ከታየው ሐሰተኛ ዜና 80 በመቶውን ያዩት 1 በመቶ ሰዎች ነበሩ፤ ካጋሩት ውስጥም 80 በመቶ የሚጠጋውን ያጋሩት 0.1 በመቶዎቹ። የጅማም ሥርጭት በግማሽ እንኳ እንዲህ በጥቂት ሰዎች ላይ የተከማቸ ከሆነ፣ ከ576 ሰው ውስጥ ዋነኞቹ ተጋላጮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዋነኞቹ አሰራጮች ጭራሽ ላይኖሩ ይችላሉ። መጠይቁ ስለ ተራው ወጣት ይነግርሻል። ምንጩንና መተላለፊያውን ለማየት ቻናሎቹን ራሳቸውን ማንበብ አለብሽ።

ለዚህ ቴሌግራም ይመቻል፤ የፌስቡክ ልጥፎች መከታተያ የነበረው ክራውድታንግል ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ የፌስቡክን ሕዝባዊ ልጥፎች መሰብሰብ ለተማሪ ከባድ ሆኗል። በሙከራው መጠይቅ ላይ «የምትከታተሏቸውን 3 ቻናሎች ጥቀሱ» በዪና ብዙ ጊዜ የተጠሩትን ከ10 እስከ 15 ሕዝባዊ ቻናሎች ያዢ። በኮምፒውተር በሚጫነው ቴሌግራም የቻናሉን ታሪክ ጄሰን (JSON) በተባለ የዳታ ፋይል ማውጣት ይቻላል። በቁልፍ ቃል ብቻ ፈልጌ እደርሳለሁ አትበዪ። «ሐሰት» እና «ሀሰት»፣ «ጸጥታ» እና «ፀጥታ» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን ከነርባታቸው ወደ አንድ አምጫቸው። ቁቤውም ድርብ ፊደሉን አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው ይተዋል፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ወሬው በፎቶ ላይ በተጻፈ ጽሑፍና በድምፅ መልእክት መዞሩ ነው፤ እሱን ቃል ፍለጋ አያገኘውም። የሚሻለው ከ3 ወር ውስጥ 2 ሰኞ፣ 2 ማክሰኞ እያልሽ 14 ቀን በዕጣ አውጥተሽ የእነዚያን ቀናት ልጥፍ ሁሉ በዓይን ማንበብ ነው። «ዕይታ» የሚለውን ቁጥር የሰው ቁጥር አታድርጊው፤ ልጥፉ ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ እዚያ የታየውም ይደመርበታል። ዝግ ግሩፕ ውስጥ ማንነትሽን ሳትናገሪ ገብተሽ መረጃ አትሰብስቢ።

ልጥፎቹን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይመድቡ፤ ስምምነቱን በመቶኛ ብቻ ከዘገብሽ ግን ትሸወጃለሽ። 100 ልጥፍ ላይ ሁለቱም 86ቱን «ሐሰት አይደለም»፣ 4ቱን «ሐሰት ነው» ብለው በ10ሩ እኩል በእኩል ቢለያዩ ስምምነቱ 90 በመቶ ነው፤ ያምራል። በአጋጣሚ የሚገኘው ስምምነት 83.6 በመቶ ስለሆነ፣ የአጋጣሚውን ቀንሶ ስምምነትን የሚለካው ካፓ 0.39 ብቻ ይሆናል። ሐሰተኛ ልጥፍ ጥቂት ስለሆነ ሁለቱ ሰዎች ሳይግባቡም የተግባቡ መስለው ይታያሉ። ከ0.67 በታች ከሆነ የመመደቢያ መመሪያውን አስተካክለሽ ድገሚ፤ 0.80 ከደረሰ ቀጥዪ።

አሁን ወደ «ተጽዕኖ»። አንዴ በተወሰደ መጠይቅ ሐሰተኛ መረጃ ተሳትፎን ይቀይር ወይስ ተሳታፊው ብዙ ስለሚከታተል ሐሰቱንም ብዙ ይይ አይታወቅም። የፖለቲካ ፍላጎትን በሪግሬሽኑ ውስጥ ማስገባት ይረዳል፣ አይፈታውም። ከሚጠበቀው በላይ ትልቅ ውጤት ካገኘሽም ተጠራጠሪ። ቦንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 የአሜሪካ ምርጫ ቀን በ61 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የመረጡ ጓደኞቹን ፎቶ ያየ ሰው የመምረጡ ዕድል ምንም ካላየው የበለጠው በ0.39 በመቶ ነው። ሚሊዮኖች ሲሆኑ ብዙ ድምፅ ነው፤ በ576 ሰው ግን አይታይም። ስለዚህ የዋናውን ጥናት ርዕስ «በመጋለጥና በተሳትፎ መካከል ያለ ግንኙነት» በዪው።

ተጽዕኖ የሚለውን ለመጠቀም የሚያስችል አንድ ትንሽ ሙከራ ግን ያለ ተጨማሪ ወጪ ማስገባት ትችያለሽ። የኮቦቱልቦክሱ ፎርም ራሱ በዕጣ ግማሾቹን ይምረጥና ከመጀመሪያው ዙር በፊት አንድ ገለልተኛ ዜና አሳይቶ «ይህ ትክክል ይመስልዎታል?» ይበላቸው፤ ለቀሩት ምንም አይበል። ከዚያ የማጋራት ነጥቡን አነጻጽሪ። ፔኒኩክና ባልደረቦቹ በ2021 ኔቸር ላይ ያሳዩት ስለ ትክክለኛነት ማስታወስ የሚጋራውን ነገር ጥራት እንደሚያሻሽል ነው፤ ውጤቱ ትንሽ ነው። በየጎኑ 288 ሰው፣ በ80 በመቶ የማግኘት ዕድል፣ 0.23 የመበታተን መለኪያ የሚያክል ልዩነት ያሳይሻል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ «አልተገኘም» በዪ እንጂ «የለም» አትበዪ።

ሥነ ምግባሩን ለመጨረሻ አታቆዪው፤ የኮሚቴው ፈቃድ ሳምንታት ስለሚወስድ በመጀመሪያው ወር አስገቢ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ቃለ መጠይቁ እንዳበቃ፣ ሰብሳቢው ከመሄዱ በፊት፣ የትኞቹ ዜናዎች ሐሰት፣ የትኞቹ የፈጠራ እንደነበሩ የሚገልጽ ግማሽ ገጽ በመረጠው ቋንቋ ስጪ፣ አንብቢለትም። አመጽ የሚቀሰቅስ ወይም ብሔርን የሚያንቋሽሽ ልጥፍ ሐሰት መሆኑ ቢረጋገጥም አታሳዪ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ራስሽ አንብቢ፤ የጥላቻ ንግግርን በሚመለከት የጥናት ሥራን ለይቶ አስቀምጧል፣ ይህን ግን ሐሰተኛ መረጃን ለማሰራጨት እንደ አጠቃላይ ፈቃድ አትውሰጂው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር አትመዝግቢ፤ የፎርሙን የቦታ መጠቆሚያ አጥፊው፤ ቀበሌ በኮድ ብቻ ይገባ። መረጃው ወደ ሰርቨር እንደተላከ ከሰብሳቢዎቹ ስልክ ይሰረዝ፤ የዜናዎቹ ምስሎችም አብረው።

ከዋናው ሥራ በፊት በ30 ሰው ሞክሪ፣ 15 በአማርኛ፣ 15 በአፋን ኦሮሞ። 14ቱን ብቻ ሳይሆን 4 ተጠባባቂ ዜናዎችም ይዘሽ ሂጂ። እውነተኛውን ዜና 30ውም ካመነው ወይም ሐሰተኛውን ማንም ካላመነው፣ ያ ዜና ሰውን ከሰው አይለይምና አውጪው። የፈጠራውን ዜና ከሦስት ሰው አንዱ «አይቻለሁ» ካለ ከአንድ እውነተኛ ወሬ ጋር ተመሳስሎበት ይሆናል፤ «የት አዩት?» ብለሽ ጠይቂና በተጠባባቂው ተኪው።